ማክሰኞ የተወጠረው ገመድ

መጀመሪያ ይቅርታ ልጠይቃችሁ። ይህን የምጽፍላችሁ በግራ እጄ ነው።

እኛ ዘንድ በግራ እጅ ለሰው ውሃ እንኳ አይሰጥም። የግድ ከሆነ «ግራዬን ይቅር በሉኝ» ተብሎ ነው። እንግዲህ ልጆቼ፣ ግራዬን ይቅር በሉኝ። ፊደል ብገድፍም እለፉኝ። ቀኝ እጄ ተይዟል።

በምን እንደተያዘ እነግራችኋለሁ... ቀስ ብዬ።

የምነግራችሁ የሆነ ነገር ነው። ባታምኑኝ አልቀየምም። እኔም ባላምን በወደድኩ።

ደግሞ የሌሊት ወሬ አይደለም። ትናንት ማክሰኞ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት፣ ፀሐይ አሸዋውን በባዶ እግር አላስረግጥ ብላ ሳለ ነው የጀመረው።

ቤታችን አዴላኮፔ የምትባል የዓሣ አጥማጆች መንደር ውስጥ ነው። ከፊታችን ባሕር፣ ከኋላችን ሐይቅ። መሃል ላይ ቀጭን አሸዋ፣ አሸዋው ላይ እኛ። ጎበዝ ልጅ ከአንዱ ውሃ ዳር ድንጋይ ቢወረውር ሌላው ውሃ ውስጥ ይገባል። መውጫው መንገድ አንድ ነው።

አብራኝ የምትኖረው የልጄ የአግቤኮ ልጅ ያይራ ናት። አግቤኮን ባሕር ከወሰደብኝ ወዲህ በዓለም ላይ ያለችኝ እሷ ናት። ትልቅ ሴት ሆናለች፣ ተምራለች፣ ደመወዝ ትበላለች። እኔ ግን ዛሬም ስታስነጥስ ከእንቅልፌ እነሳለሁ። እንዲህ ነኝ፤ ምን ላድርግ።

ሥራዋ ሞገድ መለካት ነው።

ከዳርቻው ራቅ ብሎ ባሕሩ ላይ የታሰረ ቢጫ ተንሳፋፊ ኳስ አለ። ሞገድ ሲመጣ ወደ ላይ ይነሳል፣ ሲያልፍ ይወርዳል። በአንዱና በሚቀጥለው ሞገድ መሃል ስንት ሴኮንድ እንዳለፈ ለያይራ ላፕቶፕ ይልካል። ላፕቶፑ የተቀመጠው እኔ ሳሎን ጠረጴዛ ላይ ነው። ከመንደሩ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ያለው ቤት የእኛ ነው ብለው የመሥሪያ ቤቷ ሰዎች።

ይህ ምን ይረባል እንዳትሉ። እኛን የሚያጠፋን የራሳችን ነፋስ አይደለም። ከደቡብ፣ ሰው ከማይኖርበት ቀዝቃዛ ውቅያኖስ ላይ የሚነሳ አውሎ ነፋስ ነው። እሱ እዚያ ይነፍሳል። እዚህ ሰማይ ጠርቶ፣ ቅጠል ሳይነቃነቅ፣ ከቀናት በኋላ ሞገዱ ይመጣና ወጥ ቤታችሁን ይዞ ይሄዳል።

ያይራ ግን ከሞገዱ ትቀድመዋለች። እንዴት እንደምታውቅ አንድ ቀን እንዲህ አድርጋ አስረዳችኝ።

«ማማ፣ ከአንድ ሰፈር ለቀብር የተነሱ ሰዎች አድርገሽ አስቢያቸው። ሁሉም እኩል ይነሳሉ። ባለ ረጅም እግሮቹ ቀድመው ይደርሳሉ፣ ባለ አጭሮቹ ይከተላሉ። ሞገድም እንደዚያው ነው። ረጃጅሞቹ ሲደርሱ አጫጭሮቹ ወዲያው ከተከተሉ፣ የተነሱበት ቦታ ቅርብ ነው። ብዙ ከዘገዩ ሩቅ ነው።»

እኔም እስከ መለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ ተምሬያለሁ። ገባኝ። ምነው ባልገባኝ።

ትናንት በረንዳ ላይ ቃሪያ እያሰጣሁ ሳለ ጠራችኝ።

«ማማ፣ ነይ እስቲ ይህን እዪ።»

«ምን መጣ?»

«አውሎ ነፋስ ተነስቷል። ሩቅ ነው፣ ከደቡብ ጫፍ።»

«በይ ልብስሽን ሰብስቢና ሆ ከተማ፣ አክስትሽ ጋ ሂጂ።»

«አንቺ ደመና ባየሽ ቁጥር ሆ ትልኪኛለሽ። ባለፈው ደመና ያልሽው አሞራ ነበር።»

«አሞራም ደግ አይደለም።»

ሳቀች። «የዚህ አውሎ ነፋስ ዋና ሞገድ እኛ ጋ ለመድረስ አምስት ቀን ይፈልጋል። እስከዚያ በዳርቻው ላለው መንደር ሁሉ መልእክት እልካለሁ። አርፈሽ ቃሪያሽን አስጪ።»

ወደ ቃሪያዬ ተመለስኩ። ያን ጊዜ ነው ገመዱን ያየሁት።

በራችን ላይ አንድ ያረጀ የኮኮናት ዛፍ አለ። አግቤኮ በሕይወት ሳለ የመረቡን ገመድ ጫፍ የሚያስረው እሱ ላይ ነበር። ዛፉ ላይ ገመድ ታስሯል። ሌላው ጫፍ ባሕር ውስጥ ነው። እንደ ክራር ጅማት ተወጥሯል።

ጠዋት አልነበረም። ሲታሰር ያየ የለም።

ማክሰኞ ደግሞ ባሕሩ የሚያርፍበት ቀን ነው። አያቶቻችን የደነገጉት ነው። ማንም ጀልባ አይገፋም፣ ማንም መረብ አይጥልም። ጀልባዎቹ በሙሉ አሸዋው ላይ ተደርድረው ነበር። አንድም የጎደለ የለም።

ሰው መሰብሰብ ጀመረ። ዓሣ በማጨስ የምትተዳደረው ጎረቤቴ አክፔኔ መጣች። የመረብ ጎታቾቹ አለቃ ዶትሴም መጣ፤ ሁላችንም «ኤፎ» እንለዋለን፣ ወንድም ጋሼ እንደማለት ነው።

«የማን ነው?» አለች አክፔኔ።

«የማንም አይደለም» አለ ዶትሴ።

«እሰይ። የማንም ካልሆነ የእኛ ነው።»

አሁን አንድ ነገር ልንገራችሁ። እኛ ሰፈር የተወጠረ ገመድ አይታለፍም። መንገደኛ ብትሆኑ፣ ለሠርግ ለብሳችሁ ብትሄዱ፣ እጃችሁን ጣል አድርጋችሁ ጥቂት ትስባላችሁ። መረቡ ሲወጣ ድርሻችሁን ዓሣ ትይዛላችሁ። ገመድ አይቶ ዝም ብሎ ያለፈ፣ ሲሞት የሚቀብረው የለም ይባላል። እጃችን ከሕፃንነቱ የለመደው ነው፤ ገመድ ሲያይ ራሱ ይሄዳል።

ዶትሴ ግን አመነታ። «ማክሰኞ ነው።»

«ክልክሉ ባሕር መግባት ነው። ማን ገባ? እሱ ነው የወጣልን።»

«አንቺ ሴትዮ ጠበቃ ብትሆኚ ኖሮ እስር ቤት ባዶውን ይቀር ነበር።»

«ኤፎ፣ ዓሣ ካየሁ ወር አለፈኝ። ምድጃዬ ውስጥ ድመቷ ወልዳበታለች።»

ሰዉ ሁሉ ሳቀ። ሳቁ ነገሩን ጨረሰው። በሁለት መስመር ሆነው ያዙት። ዶትሴ ዘፈኑን አወጣ፣ እነሱ ተቀበሉ፣ ሳቡ።

እኔ ወገቤ ስለማያነሳኝ በረንዳዬ ላይ ቀረሁ። ግን መዳፌ ይበላኝ ነበር። እውነቴን ነው።

መጀመሪያ ልብ ያልኩት ወፎቹን ነው። መረብ ሲሳብ ወፍ ከላይ ይንጫጫል። አንድም ወፍ አልነበረም።

ቀጥሎ አንዱ ጎታች እጁን እያራገፈ ሲስቅ ሰማሁ። «ይህ ገመድ ከፍሪጅ ነው እንዴ የወጣው?»

ያን ሁሉ ፀሐይ... ገመዱ በረዶ ነበር።

ደግሞ ሞገድ ሲመለስ ገመድ ይላላል፣ ሲመጣ ይወጠራል። ዕድሜዬን ሙሉ ያየሁት ነው። ይህኛው አይላላም። ሞገዱ ቢመጣም ቢሄድም ያው ነው። ከወዲያ በኩል እንደ እኛው እግሩን አሸዋ ውስጥ ተክሎ የያዘው ያለ ይመስላል።

«ማማ...» አለች ያይራ ከውስጥ። በሹክሹክታ። «ግቢ።»

ገባሁ። ፊቷ አመድ መስሏል።

«አጫጭሮቹ ደረሱ።»

«አምስት ቀን አላልሽም?»

«ብያለሁ። አውሎ ነፋሱ ግን እዚያ የለም። ቀርቧል። የአንድ ቀን መንገዱን በአንድ ዘፈን ጊዜ ነው የመጣው።»

«ነፋስ አይደል? ይፈጥናል።»

«እንደዚህ አይፈጥንም፣ ማማ። ምንም ነገር እንደዚህ አይፈጥንም።»

ከውጭ ዘፈኑ ቆመ። ውሃ ሊጠጡ ነው። ያይራ ስክሪኑን አየች።

«ቆመ።»

ዘፈኑ ቀጠለ።

«...እየመጣ ነው።»

ተያየን። ሁለታችንም አንድ ነገር አሰብን። ሁለታችንም አፋችን ላይ ማምጣት ፈራን።

«መስኮቱ ጋ ቁሚ» አለችኝ። እሷ ሁለት ጆሮዋን በእጇ ደፍና ስክሪኑ ላይ አፈጠጠች። አውሎ ነፋሱ ሲቆም በአገጯ ምልክት ትሰጠኛለች። እኔ ውጭ ያሉትን አያለሁ።

ሰዎቹ ሲያርፉ አገጯ ይነቀነቃል። ሲስቡ ዝም ትላለች። ደግሞ ሲያርፉ ይነቀነቃል። አንድም ጊዜ አልሳተችም።

ዓሣ እየሳቡ አልነበረም፣ ልጆቼ።

ያይራ ተነሳች። ቀሚሷን ያዝኩ።

«ሂጂ ንገሪያቸው። ገመዱን ግን እንዳትነኪ።»

«አልነካም።»

«ቃል ግቢልኝ።»

«ማማ፣ አልነካም አልኩሽ።»

እኔም ወገቤን ይዤ ከኋላዋ ወጣሁ። ነገረቻቸው። መቼም የሚሏትን ታውቃላችሁ።

«ማሽንሽ ዓሣ ይጠላል እንዴ?» አላት አንዱ።

«ባል ብታገቢ ኖሮ ሞገድ ስትቆጥሪ አትውይም ነበር» አለች አክፔኔ፣ ከገመዱ ላይ ቀና ሳትል። «ልጅ ትቆጥሪ ነበር።»

ዶትሴ ብቻ አልሳቀም። ዛፉ ሥር የተጠቀለለውን ገመድ እያየ ነበር። ጥቅልሉ ቁመቱን ሊስተካከል ደርሷል። የመንደሩ ገመድ ሁሉ ቢቀጣጠል ያን ያህል አይሆንም። መረቡ ደግሞ ገና የለም። የመረቡ ተንሳፋፊ እንኳ ውሃው ላይ አይታይም።

ያን ጊዜ መቀጠያውን አየሁት።

ገመድ ሲበጠስ ጫፍና ጫፉን ፈትሎ የሚቀጥል ሰው ሁሉ ወደ ቀኝ ነው የሚፈትለው። አግቤኮ ግን ግራኝ ነበር። ወደ ግራ ይፈትላል፣ ወደ ግራ ይጠቀልላል። በልጅነቱ መክረነዋል፣ ቆጥተነዋል፣ አልሆነም። ዶትሴ ራሱ «የአንተን ገመድ የሚፈታው ሰይጣን ብቻ ነው» እያለ ይስቅበት ነበር።

ሳልነካ ጎንበስ ብዬ አየሁ።

«ኤፎ...» አልኩ። «ይህን ማን ነው የቀጠለው?»

ዶትሴ አየው። ከዚያ በጣም ዝቅ አድርጎ...

«ልቀቁ።»

አለቀቁም። አልሰማ ብለው አይደለም። ጣታቸው አልከፈት አለ።

መጀመሪያ ሳቁ። «ብርዱ ነው» ተባባሉ። የራሱን ጣት ያላቀቀ ግን አልነበረም። አንዱ የሌላውን ጣት አንድ በአንድ፣ ከድንጋይ ላይ ቀንድ አውጣ እንደሚነቀል፣ እየነቀለ ነው የተላቀቁት። አክፔኔን ያላቀቅኳት እኔ ነኝ። ጣቷን እንጂ ገመዱን አልነካሁም። እጇ የሬሳ እጅ ይመስል ነበር። ያን ጊዜ የሚስቅ አልነበረም።

አግቤኮ እንዴት እንደቀረ ልንገራችሁ። መረብ ከታች ተያዘባቸው። ሊያላቅቅ ገባ፤ ጥሩ ዋናተኛ ነበር። ገመድ ቀለበት አድርጎ ወገቡ ላይ አስሮ ነው የገባው። ሲቆይባቸው ሳቡት። ገመዱ ከመሃል ተበጥሶ መጣ። ቀለበቱ እሱ ጋ ቀረ። ይኸው ነው። ሬሳ አልመጣ፣ ቀለበት አልመጣ።

ዶትሴ ቆንጨራ አስመጣ። አነሳው።

«አይቆረጥም» አለች ያይራ።

«ልጄ፣ ፈቀቅ በይ።»

«ሰው ያለበት ገመድ አይቆረጥም። እርስዎ ነዎት ያስተማሩን።»

«ከዚህ ሁሉ ዓመት በኋላ ምን ሰው አለ?»

«አባቴ ከሆነስ?»

የመለስኩላት እኔ ነኝ። የወለድኩት ልጄ ሆኖ፣ «ቁረጠው» ያልኩት እኔ ነኝ። የቀረችኝን ለማትረፍ ስል።

ዶትሴ እኔን አየ፣ እሷን አየ። ቆንጨራውን አወረደ። እኛ ዘንድ ሰው ያለበትን ገመድ የቆረጠ እጅ ከዚያ ወዲያ እህል አይቆርስም ይባላል። ገመዱን ዛፉ ላይ እንደታሰረ ትተውት ሄዱ።

ያይራ ስክሪኗ ላይ ተመልሳ አፈጠጠች።

«ቆሟል፣ ማማ።»

«ተመስገን።»

«አውሎ ነፋስ እኮ ቆሞ አይጠብቅም። ወይ ያልፋል ወይ ይሞታል።»

«ይሄኛውስ?»

«ይሄኛው ቆሟል።»

ዛሬ ማለዳ ስነሳ ባሕሩ መንገዱን በግራም በቀኝም ቆርጦታል። ነፋስ የለም። ድምፅ የለም። ረጃጅም ሞገድ እንደ ኮረብታ ዝም ብሎ ይመጣል፣ አስፋልቱን አልፎ ሐይቁ ውስጥ ይገባል፣ ይመለሳል። መንደርተኛው በሐይቁ በኩል በታንኳ መሸሽ ጀመረ።

አክፔኔ ታንኳ ላይ ሆና በስሜ ጠራችኝ። ድመቷንና ግልገሎቿን በጎድጓዳ ሳህን ይዛለች።

«ዎርላሲ፣ ነይ እንጂ። ቁጭ ብለሽ ባሕሩን ልትቆጪው ነው?»

ያይራን በክንዷ ጎተትኳት። ተነቅላ አልመጣ አለች።

«ማማ፣ ከእኛ በታች ያሉት መንደሮች ገና አልወጡም። ይህ ማሽን ካልላከላቸው የሚያውቁት ቤታቸው ሲገባ ነው። አንቺ ሂጂ።»

«አንቺን ትቼ?»

«በቃ እስከ ከሰዓት ብቻ።»

ዶትሴ «ሳይመሽ እመለስላችኋለሁ» ብሎን ሄደ። እውነተኛ ሰው ነው። ይመለስ ነበር። ግን እኩለ ቀን ላይ ሐይቁ ራሱ ሞገድ አወጣ። ዕድሜዬን ሙሉ ሐይቃችን እንደ ሳህን ነው፣ ሞገድ አያውቅም። አሁን ከኋላችን ረጃጅም ሞገድ ከሰሜን ይመጣል። በሰሜን ባሕር የለም፣ ልጆቼ። በሰሜን የሰው እርሻ ነው ያለው። ታንኳ በዚያ ላይ አይሄድም።

ቀጥሎ አሸዋው መጣ። ሞገዱ እያመጣ በሩ ላይ ይከምረዋል። በሩን ስገፋው አልከፈት አለ፤ አሸዋው መቀርቀሪያው ድረስ ደርሷል። የጓሮው በርም እንደዚያው። መስኮቶቻችን የብረት ፍርግርግ አላቸው። ሌባ እንዳይገባ ብዬ ያሠራሁት እኔ ነኝ።

በመስኮቱ ዛፉን አየሁ። የገመዱ ጥቅልል ከትናንቱ አድጓል።

ደጋግሜ አየሁት። ከታች ያለው የእነ ዶትሴ ነው፣ ወደ ቀኝ የተጠቀለለ። ከላይ አዲስ የተጨመረው... ገና ውሃ የሚንጠባጠበው...

ወደ ግራ ነው።

ለያይራ አልነገርኳትም። ሌሊቱን ሙሉ ዓይኗን አልከደነችም ነበር። አንድ ጉርሻ አክፕሌ፣ ያው የበቆሎ ገንፎ፣ በግድ አጎረስኳትና ጠረጴዛው ሥር ምንጣፍ አነጠፍኩላት።

«ትንሽ ጋደም በይ። እኔ አይልሻለሁ። ቁጥር ማንበብ አያቅተኝም።»

ተኛች። እኔ ስክሪኑን አየሁ።

ቁጥሩ መለወጥ ጀመረ። አጫጭሮቹ ረጃጅሞቹን እግር በእግር መከተል ጀመሩ። እየቀረበ ነው። ውጭ አንድም ሰው የለም። ገመዱን የያዘ የለም።

ቀሰቀስኳት። ቁጥሩ ቆመ።

«ተኝቼ ነበር?» አለችኝ።

«ትንሽ።»

«አውሎ ነፋሱስ?»

«እዚያው ነው» አልኳት። ዋሸሁ። እንዳትደነግጥብኝ ብዬ።

ድካሙ መልሶ ጣላት። ቁጥሩ እንደገና ተንቀሳቀሰ። ውጭ ደግሞ ዛፉ ሲንቋቋ ሰማሁ። ቋ... ዝም... ቋ... ዝም... ክብደት የሚስብ ገመድ ዛፍ ላይ የሚያወጣው ድምፅ ነው።

ምን እንዳሳየኝ አላውቅም፣ እጇን አየሁ።

ቀኝ እጇ ምንጣፉ ላይ ተዘርግቷል። ጣቶቿ ይጨበጣሉ... ወደ ደረቷ ይሳባሉ... ይላላሉ። ይጨበጣሉ... ይሳባሉ... ይላላሉ።

ስትስብ ዛፉ ቋ ይላል።

ስትለቅ ዝም ይላል።

ጎንበስ ብዬ መዳፏን ገለጥኩ። ገመድ የላጠው መዳፍ ነበር። ትኩስ ቁስል። ውሃ ያረጠበው፣ ጨው የነጣበት። ገመዱን አልነካችም፣ እምላለሁ። ትናንት ከውጭ ከገባን ወዲህ ከዚህ ክፍል አልወጣችም።

«ያይራ» አልኩ። «ያይራዬ፣ ንቂ።»

አሁን አልነቃ አለች።

ምን ላድርግ? ትናንት እንዳደረግኩት ጣቷን አንድ በአንድ ላላቅቅ ብዬ ቀኝ እጄን አስገባሁ። እጇ በረዶ ነው። ጣቶቿ በጣቶቼ ላይ ተጨበጡ።

ከዚያ እጄ ሳበ።

እኔ አይደለሁም። እጄ ነው። ዕድሜውን ሙሉ የለመደውን አደረገ። የተወጠረ ገመድ አይታለፍም።

ዛፉ ቋ አለ። ከቅድሙ በርታ ብሎ። ሁለት ሰው ሲስብ እንደሚለው።

አሁን የት እንዳለሁ ገባችሁ? መሬት ላይ ተቀምጫለሁ። ቀኝ እጄ የያይራ እጅ ውስጥ ነው፣ የያይራም የእኔ ውስጥ። አብረው ይስባሉ፣ አብረው ያርፋሉ። በግራዬ ላላቅቅ ሞከርኩ። በጥርሴ ሞከርኩ። የራስን ጣት ራስ አያላቅቅም፤ ሌላ ሰው ነው የሚያላቅቀው። ዶትሴ ጋ ደወልኩ፣ አያነሳም። አክፔኔ ጋ ደወልኩ። «ዎርላሲ፣ እዚህ ውሃው ዝም ብሏል፣ እናንተ ጋ ምን አለ?» ብላኝ መስመሩ ተቋረጠ።

ጣታችንን የሚያላቅቅልን ሦስተኛ ሰው እዚህ ቤት የለም።

ስለዚህ በስልኬ ለእናንተ እየጻፍኩ ነው። አንድ ሰው አንብቦ ታንኳ ያለው ሰው ያውቅ ይሆናል ብዬ። አዴላኮፔ፣ በሩ ላይ የኮኮናት ዛፍ ያለበት ቤት። ለእኔ አይደለም። ለልጅቷ ነው።

ሰዓቱ ዘጠኝ ነው። ፀሐይ እንደ ትናንቱ ታቃጥላለች። ቅጠል አይነቃነቅም።

ስክሪኑን ከዚህ ሆኜ አየዋለሁ። ረጅምና አጭር ሞገድ መለየት ቀርቷል፣ ሁሉም አንድ ላይ ነው የሚደርሰው። ለቀብር የተነሱት ሁሉ በሩ ላይ ናቸው። አሁን ደግሞ...

ኳሱ ቆመ። አይነሳም፣ አይወርድም። ባሕሩ ዝም አለ።

ዛፉም ዝም አለ። እጃችን ላላ። አልተላቀቀም፣ ግን መሳቡን ተወ። መረብ ወጥቶ ሲያልቅ እጅ እንደሚያርፈው።

ቀና ብዬ በመስኮቱ አየሁ።

የገመዱ ጫፍ ወጥቷል። በአሸዋው ላይ ቀጥ ብሎ እስከ በረንዳችን ይደርሳል። ጫፉ ላይ ቀለበት አለ።

የወገብ ቀለበት። ወደ ግራ የተቋጠረ።

መሬት ላይ አልወደቀም። በሰው ወገብ ከፍታ ላይ ክብ እንደሆነ ቆሟል። ውሃ ይንጠባጠብበታል። ውስጡ ማንም የለም። በመሃሉ ባሕሩ ይታየኛል።

ከመስኮቱ አለፈ። ወደ በሩ በኩል ሄደ።

አሁን ከውጭ አሸዋው እየተጫረ ነው። ቀስ እያለ፣ እንደ ሰው። በአንድ እጅ። ከግራ በኩል።

ያይራ አልነቃችም።

ነፃ የቀረውን እጇን ብቻ፣ ግራውን፣ ወደ በሩ ዘረጋች።